ከክረምቱ በኋላ ቻርጅ አልቀበል ያለው የብስክሌት ባትሪ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በባሕር ዳር ሲሆን፣ ከዳቦ ቤት ወደ ሻይ ቤቶች ዳቦ የማደርሰው በኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው። ሐምሌና ነሐሴን ወላጆቼን በእርሻ ለማገዝ ደንበጫ አጠገብ ወዳለው ቀያችን ስሄድ ብስክሌቱን ቤት ውስጥ ቆልፌበት ሄድኩ። ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ በጥድፊያ ላይ ስለነበርኩ ቻርጅ አላደረግሁትም። መስከረም ላይ ተመልሼ ቻርጀሩን ስሰካው አረንጓዴ መብራት ይበራል እንጂ እንደ ወትሮው ወደ ቀይ አይለወጥም። ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ቢያድርም ብስክሌቱ አይነሣም። ባትሪው ላይ ሊቲየም፣ 48 ቮልት፣ 13 አምፔር ሰዓት የሚል ተጽፎበታል። የሞባይል ጥገና ያለው ጎረቤቴ በመልቲሜትር ሲለካው 31 ቮልት አገኘ። ሌላ ጠጋኝ ደግሞ «ባትሪው ተኝቷል፤ ከሌላ ሙሉ ባትሪ በቀጥታ ሽቦ ስበን እንቀሰቅሰዋለን» ብሎኛል። አዲስ ባትሪ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ላስቀስቅሰው ወይስ ልተወው?
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር አደራ ልበልዎ፤ ሽቦ ስቦ የመቀስቀሱን ሐሳብ ይህን መልስ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ አይቀበሉት። ባትሪዎ ሊድን ይችላል፤ ላይድንም ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ሽቦ መሳብ ግን ባትሪውንም ቤትዎንም ለአደጋ ያጋልጣል። የሊቲየም ባትሪ ቻርጅ አልቀበል ሲል፣ ብዙ ጊዜ በሩን የዘጋው ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ አንድ የማይስማማው ነገር ስላገኘ ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ ሳይመረመር በሩን በጉልበት መክፈት አይገባም።

በመጀመሪያ አረንጓዴው መብራት ምን እያለ እንደሆነ እንረዳ። በአብዛኞቹ ቻርጀሮች ላይ ቀይ መብራት ወደ ባትሪው ኮረንቲ እየፈሰሰ መሆኑን ሲያሳይ፣ አረንጓዴው ኮረንቲ እንደማይፈስ ብቻ ይናገራል። ባትሪው ሲሞላ ፍሰቱ ስለሚቆም አረንጓዴ ይበራል፤ ቻርጀሩ ከባትሪው ጋር ጨርሶ ሳይገናኝ ሲቀርም ያው አረንጓዴ ይበራል። ስለዚህ የእርስዎን አረንጓዴ መብራት «የምሰጠውን የሚቀበለኝ አላገኘሁም» እንደማለት ይውሰዱት። ምንም መብራት የማይታይ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬያችን ወደ ሶኬቱ ወይም ወደ ቻርጀሩ ባመዘነ ነበር።

ሌላም ጠቃሚ ፍንጭ በደብዳቤዎ ውስጥ አለ። ብስክሌቱ እየሄደ ቻርጅ ብቻ እምቢ የሚል ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከቻርጀሩ፣ ከመሰኪያው፣ ወይም በአንዳንድ ባትሪዎች ላይ ለቻርጅ ብቻ ከተመደበው ትንሽ ፊውዝ አያልፍም። የእርስዎ ግን አይሞላም፤ አይነሣምም። ይህም ባትሪው ራሱ ወይም መቆጣጠሪያው በሁለቱም አቅጣጫ ዘግቷል ወደሚለው ግምት ይወስደናል። ይሁንና ቀላሉን ሳያጣሩ ወደ ከባዱ መዝለል ለኪስ አይበጅምና፣ ኮረንቲው ከግድግዳው እስከ ባትሪው የሚጓዝበትን መንገድ በቅደም ተከተል ቢከተሉ ይሻላል።

ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ይሞክሩ፤ ዲቫይደር ካለም አውጥተው ቻርጀሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩት። በከተሞቻችን ብዙ ቤቶች ምጣድና ሌላው ዕቃ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ስለሚሠሩ፣ ከ3000 ዋት በላይ የሚወስድ ምጣድ በተጣደ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል። በቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚሠራ ከተጻፈ ይህን መዋዠቅ ይችለዋል፤ 220 ብቻ የሚል ከሆነ ግን መብራቱ እየበራ በአግባቡ ላይሠራ ይችላል። ይህ ክፍል ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅብዎትም።

ቀጥሎ ቻርጀሩ ይለካ። 48 ቮልት ተብሎ የሚሸጥ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ሴሎቹ፣ ማለትም በውስጡ ያሉት ትንንሽ ባትሪዎች፣ በ13 ቡድን ተከፍለው በተከታታይ የተያያዙበት ነው። እያንዳንዱ ቡድን ሲሞላ 4.2 ቮልት ስለሚደርስ ቻርጀሩ 54.6 ቮልት መስጠት ይኖርበታል፤ ይህ ቁጥር በጀርባው በተለጠፈው ወረቀት ላይም ተጽፎ ያገኙታል። ባለ 36 ቮልት ባትሪ ያላቸው አንባቢዎች 10 ቡድንና 42 ቮልት ብለው ያስሉት። ጎረቤትዎ መልቲሜትሩን በቀጥተኛ ኮረንቲ 200 ቮልት ላይ አድርጎ፣ ሁለቱ መለኪያ ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ተጠንቅቆ ይለካልዎ። 54 ተኩል አካባቢ ካሳየ ቻርጀሩ ደህና ነው። ዜሮ ቢያሳይ ግን ወዲያው አይፍረዱበት፤ አንዳንድ ቻርጀሮች በሌላው ጫፍ የባትሪ ቮልቴጅ እስኪያገኙ ድረስ ምንም አይሰጡም። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ተመሳሳይ ዓይነት ባትሪ ባለው ሰው ብስክሌት ላይ መሞከር ነው፤ ሲሞክሩም ቮልቴጁና የሴሎቹ ዓይነት አንድ መሆኑን፣ የመሰኪያው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭም አለመገላበጡን ያረጋግጡ። ቻርጀሩን ራስዎ እንዳይከፍቱት። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ውስጡ ሲገባ ወደ 310 ቮልት የሚጠጋ ቀጥተኛ ኮረንቲ ሆኖ በኮንደንሰር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ለጊዜው እዚያው ይቆያል።

ከዚያ በባትሪው ላይ ያለውን የቻርጅ መሰኪያ በደንብ ይመልከቱት። እኔ በዚህ ጉዳይ ትዕግሥት እንዲኖር አጥብቄ የምናገረው ከራሴ ሥራ ስለተማርኩ ነው። አንድ ጊዜ ከአዴት በጭነት መኪና፣ በጤፍ ጭድ ላይ ተጭኖ የመጣ ብስክሌት ቀረበልኝ፤ ባለቤቱ ባትሪው ሞቷል ተብሎ ተነግሮት አዲስ ለመግዛት ገንዘብ እያሰባሰበ ነበር። የመሰኪያውን የጎማ ክዳን ገልጬ በስልክ መብራት ሳይበት ከታች፣ ከመካከለኛው ፒን ጎን፣ ጥፍር የማታህል የጭድ ስብርባሪ ተጋድማለች። ቻርጀሩ ሲሰካ እስከ መጨረሻው የገባ ይመስላል እንጂ ጫፉ ፒኑን አይነካም ነበር። በእንጨት ስንጥር አወጣኋት፤ ቀዩ መብራት ወዲያው በራ። የእርስዎ ብስክሌት ክረምቱን ቤት ውስጥ ቢቆይም እርጥበት ፒኑ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ሊያበቅል ይችላልና፣ ካገኙ በደረቅ ጥርስ ብሩሽ ቀስ አድርገው ይጥረጉት። በሚስማር ወይም በመርፌ መነካካት ግን ፖዘቲቩን ከኔጌቲቩ ያገናኛልና ፈጽሞ አይሞከር። ባትሪው ቁልፍ ወይም ማብሪያ ካለውም አብርተው እንደገና ይሞክሩ፤ አንዳንዶቹ ካልተከፈቱ ቻርጅ አይቀበሉም።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከተገኘ ወደ ባትሪው እንመለስ። 31 ቮልት ለ13 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ቡድን 2.4 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ባትሪው «አለቀ» ተብሎ ብስክሌቱ ሲቆም በተለምዶ አንዱ ቡድን 3 ቮልት፣ ጠቅላላው 39 ቮልት አካባቢ ነውና፣ ቁጥሩ እውነት ከሆነ ባትሪዎ ከባዶ በታች ወርዷል ማለት ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም ብለን «እውነት ከሆነ» የምንልበት ምክንያት አለ። ጎረቤትዎ የለካው ከውጭ ካለው መሰኪያ ላይ ነው፤ በመሰኪያውና በሴሎቹ መካከል ደግሞ ቢኤምኤስ የሚባለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ አለ። ቢኤምኤሱ ዘግቶ ከሆነ በውጭ በኩል የሚታየው ቮልቴጅ የሴሎቹ ትክክለኛ ቮልቴጅ ላይሆን ይችላል። ውስጥ 42 ቮልት ኖሮ ውጭ 31 ወይም ከዚያም ያነሰ መታየቱ ያጋጥማል። ስለዚህ 31 ቮልት ገና ፍርድ አይሰጥም፤ ጉዳዩ የሚለየው ውስጡ ተከፍቶ ሲለካ ነው።

እንዲህ ለምን እንደሆነ ግን መገመት ይቻላል። ቢኤምኤሱ ራሱ ለሥራው ከባትሪው ጥቂት ጥቂት ኮረንቲ ይወስዳል፤ ሴሎቹም ሳይነኩ ቢቀመጡ እንኳ በዝግታ ይቀንሳሉ። ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ባትሪ ሁለት ወር ሲቀመጥ፣ ስንጥቅ እንዳለበት እንስራ ጠብ ጠብ እያለ ከሚገባው መስመር በታች ይወርዳል። አንዳንድ ቻርጀሮች ደግሞ ቮልቴጁ እጅግ ዝቅ ያለ ባትሪ ሲገጥማቸው ሥራ እንዳይጀምሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። አረንጓዴው አልለወጥ ማለቱ ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል።

አሁን ሽቦ የመሳቡን ነገር ላንሣ። በሊቲየም ሴል ውስጥ ኔጌቲቩ በኩል ስስ የመዳብ ፎይል አለ። ሴሉ ከ2.5 ቮልት በታች እየወረደ በሄደ መጠንና በዚያ ሁኔታ በቆየ ቁጥር ያ መዳብ ወደ ውስጠኛው ፈሳሽ መሟሟት ሊጀምር ይችላል። ሴሉ እንደገና ሲሞላ የሟሟው መዳብ ባልተፈለገ ቦታ ላይ ተመልሶ ይጋገርና ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን የሚለየውን ስስ መጋረጃ ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ ሴሉ በውስጡ ሾርት ያደርጋል። የሚያስፈራው ነገር ይህ በዕለቱ ላይታይ መቻሉ ነው። ባትሪው ተነሣ ተብሎ ደስ ብሎዎት ዳቦ ሲያደርሱ ውለው፣ ከቀናት በኋላ ቻርጅ ላይ ሳለ ሊግልና ሊቀጣጠል ይችላል።

በዚህ ላይ የአቀሳቀሱ መንገድ ሌላ አደጋ ይጨምራል። የእርስዎ ቻርጀር የሚሰጠው 2 አምፔር ገደማ ይሆናል። ሙሉ ባትሪ ባዶ ከሆነ ባትሪ ጋር በወፍራም ሽቦ ሲገናኝ ግን ኮረንቲውን የሚገድበው ነገር ስለሌለ በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር በአንድ ጊዜ ሊፈስ ይችላል። ሽቦው የሚያያዘው ብዙውን ጊዜ ቢኤምኤሱን አልፎ በቀጥታ ከሴሎቹ ጋር ስለሆነ፣ አንዱ ቡድን ቢግል ወይም ከልክ በላይ ቢሞላ የሚያቋርጠው አይኖርም። ይህን መንገድ የሚጠቀሙ ጠጋኞች ተንኮል አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ባትሪው ስለሚነሣላቸው ትክክል ይመስላቸዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ባትሪውን በቡድን ለክቶ ወደሚሠራ ባለሙያ ይውሰዱትና አንድ ግልጽ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «13ቱን ቡድኖች አንድ በአንድ ለክተህ ውጤቱን በወረቀት ላይ ጽፈህ ትሰጠኛለህ?» ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ባትሪዎን እንዲከፍት አልመክርም። ባለሙያው ሽፋኑን ሲከፍት ከቢኤምኤሱ ላይ ተሰክተው ወደ እያንዳንዱ ቡድን የሚሄዱ ቀጫጭን ሽቦዎች ይገኛሉ፤ ልኬቱ የሚወሰደው በእነሱ ላይ ነው። ሴሎቹ እያንዳንዳቸው 2.6 አምፔር ሰዓት የሚይዙ ከሆነ በየቡድኑ አምስት፣ በጠቅላላው 65 ሴሎች ስላሉ፣ የብረት ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቆ፣ መፍቻውን በኢንሱሌሽን ቴፕ ጠቅልሎ ካልሆነ በቀር የሚነካ ሥራ አይደለም።

ወረቀቱን ሲቀበሉ እንዲህ ያንብቡት። ሁሉም ቡድኖች ከ3 ቮልት በላይ ሆነው ውጭ ግን 31 ከታየ ሴሎቹ ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ የቢኤምኤሱ ወይም የፊውዙ ነው። ለ13 ቡድን የተሠራ ተመሳሳይ ቢኤምኤስ መለወጥ ደግሞ ከአዲስ ባትሪ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። እኔም ለእርስዎ የምመኘው ይህ ቢሆን ነው። ሁሉም እርስ በርስ ተቀራርበው ከ2.5 እስከ 3 ቮልት ባለው መካከል ከሆኑ፣ ባለሙያው ኮረንቲውን መገደብ በሚችል የኃይል ምንጭ፣ ግማሽ አምፔር በማይበልጥ ፍሰት፣ አጠገቡ ሆኖ ሙቀቱን እየዳሰሰ 3 ቮልት እስኪያልፉ ድረስ ሊያሳድጋቸው ይችላል። ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ ሥራው የተለመደው ቻርጀርና የቢኤምኤሱ ነው። ሞልቶ ካበቃ በኋላ ግን አንድ ሁለት ቀን ሳይነካ ቆይቶ 13ቱ ቡድኖች እንደገና ይለኩ፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የወረደ ቡድን ካለ ውስጡ ተጎድቷል ማለት ነው። በመጨረሻም ከቡድኖቹ አንዱ እንኳ ከ2 ቮልት በታች ሆኖ ከተገኘ፣ በእኔ አስተያየት ያ ቡድን መቀስቀስ የለበትም። በአሮጌዎቹ መካከል አዲስ ሴል አስገብቶ መበየድም እንደ ልብ የሚያስተማምን ጥገና አይሆንም፤ አቅማቸው ስለሚለያይ አንዱ ቀድሞ እየሞላ ሌላው እየቀረ ብዙም ሳይቆይ ወደዚያው ችግር ይመለሳል። አቅምዎ ውስን መሆኑን ስለጻፉልኝ ይህን መናገር ይከብደኛል፤ ሆኖም እንዲህ ያለውን ባትሪ ቤት ውስጥ ቻርጅ ያድርጉት ብዬ ልመክርዎ አልችልም።

እስከዚያው ድረስ ባትሪውን ከብስክሌቱ አውልቀው ከሚቀጣጠል ነገር፣ ከሚተኙበት ክፍልና ከመውጫ በሩ አርቀው ያኑሩት። ሽፋኑ ካበጠ፣ ጣፋጭ የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል ሽታ ካመጣ፣ ሳይነካ ከሞቀ ወይም እሽ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ የሚለካም የሚጠገንም ነገር የለም። ገና ካልጋለና ካልጨሰ ወደ ሜዳ ያውጡት፤ ጭስ ከጀመረ ግን ጭሱ መርዛማ ነውና ቤተሰቡን ይዘው ይውጡ፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኞችም ይደውሉ።

ለሚመጣው ክረምት ደግሞ ወደ ደንበጫ ከመሄድዎ በፊት ባትሪውን ግማሽ ወይም ከግማሽ ጥቂት ከፍ አድርገው ሞልተው፣ ማብሪያውን አጥፍተው፣ ከተቻለ ከብስክሌቱ አውልቀው በደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። ሙሉ አድርጎ ለወራት ማስቀመጥም ሴሎቹን ያስረጃል። አንድ የሚያምኑት ጎረቤት በወር አንዴ ጠቋሚውን አይቶ ከወረደ ለአንድ ሁለት ሰዓት ቻርጅ ቢያደርግልዎ አሁን የገጠመዎት ነገር አይደገምም።

ጥያቄ፦ የብስክሌቴ የቀድሞ ባትሪ አራት ባለ 12 ቮልት የእርሳስ አሲድ ባትሪዎች ነበሩት። አሁን በሊቲየም ቀይሬዋለሁ። ሁለቱም 48 ቮልት ስለሚሉና መሰኪያውም ስለሚገጥም፣ የድሮውን ቻርጀር ብጠቀም ችግር አለው?
ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ አዎን፣ ትልቅ ችግር አለው። ለአራት የእርሳስ አሲድ ባትሪዎች የተሠራ ቻርጀር እስከ 58 ወይም 59 ቮልት ድረስ ይወጣል፤ 13 ቡድን ያለው ሊቲየም ግን ከ54.6 ማለፍ የለበትም። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የቻርጀሩ ቮልቴጅ ለ13ቱ ቡድኖች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 4.5 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ሴሉን ወደሚያግልና ወደሚያሳብጥ ደረጃ ይወስደዋል። ቢኤምኤሱ ያቋርጠዋል የሚሉ አሉ። ሊያቋርጥ ይችላል፤ ነገር ግን እሱ የመጨረሻው ዘብ ስለሆነ በየቀኑ እንዲዋጋ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ባትሪው ላይ ሊቲየም መባሉም ብቻውን አይበቃም፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት 16 ቡድን ሲኖረው 58.4 ቮልት ይፈልጋልና፣ በባትሪው ላይ የተጻፈውን የቻርጅ ቮልቴጅ አንብበው በትክክል እሱን የሚሰጥ ቻርጀር ይግዙ።

ጥያቄ፦ ኅዳር ከገባ ጀምሮ ማለዳ ላይ ቻርጀሩን ስሰካ ቀይ መብራት አይበራም። እኩለ ቀን ላይ ስሰካው ግን ያለ ምንም ችግር ይሠራል። ባትሪው ሊሞት ነው እንዴ?
ከእንጅባራ

መልስ፦ የለም፤ እንዲያውም ባትሪዎ ደህና ጠባቂ እንዳለው ያሳያል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ የሚታይበት ቀን እንዳለ ከእኔ ይበልጥ እርስዎ ያውቁታል። ሊቲየም ሴል ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ ወደ ውስጥ ዘልቆ በመግባት ፈንታ ላዩ ላይ ይጋገራል፤ ይህም አቅሙን ለዘለቄታው ይቀንሳል፣ አደጋም ያስከትላል። ስለዚህ በሴሎቹ መካከል የተቀመጠ ትንሽ የሙቀት መለኪያ ያላቸው ባትሪዎች ሙቀቱ እስኪመለስ ድረስ ቻርጅ አይቀበሉም። በሌላው ጫፍ ደግሞ፣ በፀሐይ ዳገት ወጥተው ሲመለሱ ባትሪው ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ ከሆነ ያው እንቢታ ያጋጥምዎታል፤ ያን ጊዜ በጥላ ሥር እስኪበርድ መጠበቅ ነው።

ብስክሌቱ የሚያድረው በረንዳ ላይ ከሆነ ባትሪውን አውልቀው ማታ ወደ ቤት ያስገቡት። ከምድጃ ወይም ከከሰል አጠገብ ግን አያስጠጉት፤ ቶሎ ይሙቅ ብሎ ማሞቅ ከብርዱ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ጠዋት በክፍሉ ሙቀት ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት ከቆየ በኋላ፣ ነቅተው ቤት ውስጥ ባሉበት ሰዓት ይሰኩት። እንዲህ ተደርጎም ቀዩ መብራት ካልበራ ከላይ ለባሕር ዳሩ አንባቢ በተጻፈው መሠረት ከመሰኪያው ፒን ጀምረው ይመርምሩ።